እንግዳው ሲመለስ ተማሪው ለማን ይቀራል? በትምህርት ቤት የአእምሮ ጤናን ለማስተማር ባሕር ተሻግሮ ስለሚሰጥ ክርስቲያናዊ አገልግሎት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣች። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። ከስድስት ሳምንት አስቀድሞ ከባሕር ማዶ የመጡ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች በትምህርት ቤቷ ለአምስት ቀናት ስለ ጭንቀትና ስለ ድባቴ አስተምረው ነበር። ተማሪዋ ሞትን እንደምትመኝ በወረቀት ጽፋ ለአንዷ አስተማሪ ሰጠቻት። አስተማሪዋ አጽናናቻት፤ ጸለየችላት፤ ከሁለት ቀን በኋላም ወደ አገሯ ተመለሰች። ከርእሰ መምህሩም ሆነ ከቤተሰቡ ወረቀቱን ያየ አልነበረም። ልጅቷ በሕክምና ተርፋለች።

የአስተማሪዋ ቅንነት አያጠራጥርም። የጎደለው ርክክብ ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጭምር የሚገኙባቸው እንዲህ ያሉ ቡድኖች ወደ አገራችን ስለሚመጡ፣ ከእኛም መካከል ወደ ሌላ አገር ለተመሳሳይ አገልግሎት መሄድ የሚሹ ስላሉ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ መመርመር ተገቢ ነው።

ለምን በትምህርት ቤት?

የአእምሮ ሕመም ከሚገጥማቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ 14 ዓመት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ሕመሙ እንደሚጀምራቸው የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ትንተና ያመለክታል። ይህ ዕድሜ ልጆች በትምህርት ገበታ ላይ የሚገኙበት ነው። ይሁን እንጂ ልጆቹ «ድባቴ ይዞኛል» ብለው አይመጡም። ተደጋጋሚ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም፣ ከጓደኛ መራቅ፣ የውጤት ማሽቆልቆል ወይም ያልተለመደ ቁጣ ይታይባቸዋል። «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል» የሚል ልጅ ስለ ኀዘኑ እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ይህን አነጋገር የማያውቅ እንግዳ፣ አስተርጓሚ ቢኖረውም እንኳ፣ ዋናውን ነገር ሊስተው ይችላል።

ምን ይጠቅማል? ምንስ አይጠቅምም?

በጎ ሐሳብ ሁሉ በጎ ውጤት አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ ይፋ የሆነ፣ ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት በመምህራን አማካይነት ለክፍሉ ሁሉ የተሰጠ የአእምሮ ማረጋጊያ ትምህርት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። በሌላ በኩል በ10 የአውሮፓ አገሮች በ168 ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ተማሪዎች በውይይትና በትወና የሚሳተፉበት ትምህርት ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን የማጥፋት ሙከራን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አረጋግጧል። በዚሁ ጥናት መምህራን ምልክቶችን እንዲለዩ ማሠልጠን ብቻውን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ከዚህ የምንረዳው ችግሩን መለየት ከሚቀጥለው እርዳታ ጋር ካልተያያዘ በቂ እንዳልሆነ ነው።

በኬንያ «ሻሚሪ» የተባለው ሥራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ የአገሩን ወጣቶች አሠልጥኖ ለአራት ሳምንታት የቡድን ትምህርት እንዲሰጡ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የሙከራ ውጤት የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች እንደቀነሱ ያሳያል። አስተማሪዎቹ የተማሪዎቹን ቋንቋና ኑሮ የሚያውቁ፣ በአገራቸው የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ።

ከሁሉ በላይ መወገድ ያለበት ልጆች የደረሰባቸውን መከራ በክፍል ፊት እንዲተርኩ መገፋፋት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አሠቃቂ ሁኔታ የገጠማቸውን ሰዎች በአንድ ጊዜ ስብሰባ ሁሉን እንዲያወጡ ማድረግን አይመክርም። በምትኩ የሚመከረውን የሥነ ልቡና የመጀመሪያ እርዳታ የሚያብራራው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ዎርልድ ቪዥን የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ነው። መመሪያው ሰው እንዲናገር ሳያስገድዱ ማዳመጥንና ዘላቂ ድጋፍ ከሚያገኝበት ቦታ ጋር ማገናኘትን ያስተምራል።

እምነትና ሙያ

እምነት በጎ ፈቃደኛውን ከቤቱ ያስነሳ ኃይል ነውና የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሆኖም ተማሪ በክፍል ውስጥ ያለው መርጦ ሳይሆን ግዴታው ስለሆነ ነው፤ ጎረቤቱም የሌላ እምነት ተከታይ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። የቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያጸደቁት የአደጋ ጊዜ የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ የሃይማኖት አቋምን ለማስፋፋት እንዳይውል ያዝዛል። ድባቴን የእምነት ማነስ ነው ብሎ ማስተማር ሕመምተኛውን በሕመሙ ላይ ጥፋተኛ ያደርገዋል። በአንጻሩ ጸሎትንና ጠበልን ማጣጣል ቤተሰቡን ከሕክምና ያርቃል። ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ መምከሩ የተሻለ ነው።

ተቀባዩ የጤና ባለሙያ ምን ያድርግ?

1. ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት ከትምህርትና ከጤና ጽሕፈት ቤቶች ፈቃድ ማግኘቱን፣ ወላጆች ማወቃቸውንና የሚሰጠው ትምህርት በጽሑፍ ቀርቦ መታየቱን ያረጋግጥ።

2. ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ጥቃት የደረሰበት ልጅ ቢገኝ ማን ተቀብሎ፣ ወደ የትኛው ጤና ተቋም፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያደርሰው በቅድሚያ ይወሰን። ይህ ሳይወሰን ትምህርቱ አይጀመር።

3. ለልጁ «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ሊረዳው ለሚችል ሰው እንደሚነገር ከመነሻው በግልጽ ይነገረው።

4. እንግዳው ብቻውን ከልጅ ጋር ተነጥሎ አይቀመጥ፤ የተማሪዎችን ፎቶግራፍና ታሪክ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አይጠቀም።

5. እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከአገሩ መምህር ጋር በጋራ ይሰጥ። ቡድኑ ሲሄድ መምህሩ ትምህርቱን ይቀጥል፤ የጤና ባለሙያውም በየወሩ ይጎብኘው።

ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለአንድ ወር ያህል እየተመላለሱ ከአገሩ መምህራን ጎን ቆመው አስተምረዋል። ከሠለጠኑት ሐኪሞች ብዙዎቹ በኋላ ራሳቸው መምህራን ሆኑ። ያ ትብብር ሃይማኖታዊ ባይሆንም ለአገልግሎት ለሚነሣ ክርስቲያን ጥሩ አርአያ ነው።

ማጠቃለያ

ስለ ደጉ ሳምራዊ የሚነገረውን ምሳሌ የማያውቅ ጥቂት ነው። ሳምራዊው መንገደኛ ስለነበር በዚያው አልቀረም። ነገር ግን ቁስለኛውን አክሞ በመንገድ ላይ አልተወውም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በአደራ ሰጠው፣ ወጪውን ከፈለ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናገረ። ባሕር ተሻግሮ የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛም ወደ አገሩ መመለሱ አያስነቅፈውም። የሚያስነቅፈው አደራውን የሚረከብ ሰው ሳያዘጋጅ መሄዱ ነው። ያቺ ተማሪ ወረቀቷን በሰጠችበት ዕለት የሚረከባት ሰው ተዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ሆስፒታላችን የምትመጣው በዚያው ሳምንት በእግሯ እየሄደች በሆነ ነበር። ለእንግዶቹ የማረፊያው ባለቤቶች እኛ የጤና ባለሙያዎች ነንና አደራውን ለመቀበል አስቀድመን መዘጋጀት ይገባናል።