የውጭ ገበያ መናወጥና የካርቱም ኑሮ

ገበያው የሚታወክበት አገር ሌላ፣ ዳፋው የሚያርፍበት አገር ደግሞ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ አገር ካመረተው የሚበዛውን ወደ ውጭ እየሸጠ፣ ነዳጅ፣ ስንዴ፣ መድኃኒትና መሣሪያ ከውጭ እየገዛ የሚኖር ሲሆን ኤኮኖሚው ክፍት ነው ይባላል። የሚሸጠው ሸቀጥ የዓለምን ገበያ ዋጋ ለመወሰን የማይበቃ ከሆነም፣ የቆዳ ስፋቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ትንሽ ኤኮኖሚ ይሰኛል። ሱዳን እስከ 2011 ድረስ በስፋት ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በዚህ አነጋገር ግን ትንሽ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ላለው አገር ከውጭ የመጣው ኪሳራ አንድ ቦታ ማረፉ አይቀርም። በማን ላይ እንደሚያርፍና በምን መልክ እንደሚታይ ግን በአብዛኛው የሚወስነው የአገሩ የገንዘብ ሥርዓት ነው። ካርቱም ይህን በሁለት ዘመን፣ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ አይታዋለች።

ከካርቱም በስተደቡብ፣ በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ መካከል ያለው ሜዳ ጀዚራ ይባላል። እንግሊዞች በስም ከግብፅ ጋር፣ በተግባር ግን ብቻቸውን ሱዳንን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ አለቀና ከኢትዮጵያ የሚወርደው የጥቁር ዓባይ ውሃ ይህን ሜዳ ያጠጣ ጀመር። ጥጡ በባቡር ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያም በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር የፈትል ፋብሪካዎች ይጓዝ ነበር። የሽያጩ ገቢ ለገበሬው፣ ለመንግሥቱና እርሻውን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ይከፋፈላል። መንግሥቱም በድርሻው ደመወዝ ይከፍላል፤ ዕዳውንም ያቃልላል። ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ሰብል ላይ መጫን አደገኛ ነበር፤ ጥጥ በሚወደድበት ጊዜ ግን አደጋው ለማንም አይታይም።

በ1929 መጨረሻ ገደማ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። የጥጥ ዋጋም በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። በዚያው ላይ የጥጡን ተክል በሽታ ስለ ገባበት ምርቱ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ ሱዳን የራሷ ገንዘብም ሆነ የራሷ ማዕከላዊ ባንክ አልነበራትም። የምትገበያየው በግብፅ ፓውንድ ነበር፤ የግብፅ ፓውንድ ደግሞ ከእንግሊዝ ስተርሊንግ ጋር በቁርጥ ዋጋ የተሳሰረ ነበር። ስለዚህ የካርቱም አስተዳደር ምንዛሪውን በራሱ ፈቃድ ሊለውጥ አይችልም። የቀረው መንገድ ወጪን መቀነስ፣ ይኸውም ሠራተኛ ማሰናበትና ደመወዝ መቁረጥ ሆነ። በ1931 የጎርደን ኮሌጅ ምሩቃን በመንግሥት ሥራ ሲቀጠሩ ያገኙት የነበረው የ8 ፓውንድ የወር ደመወዝ ወደ 5 ፓውንድ ተኩል እንዲወርድ ተወሰነ። ተማሪዎቹ ትምህርት አቁመው አደሙ። በመጨረሻ የአገር ሽማግሌዎች ገብተው ደመወዙ 6 ፓውንድ ተኩል እንዲሆን ተስማሙ። በባሕር ማዶ የወደቀው የጥጥ ዋጋ በካርቱም የአንድ ወጣት ደመወዝ ሆኖ ተገለጠ ማለት ነው። የደመወዝ ቅነሳ አንድ ጠባይ አለው፤ ወሳኙ ሰው ይታወቃል፤ አቤቱታውም የት እንደሚቀርብ ግልጽ ነው።

ሱዳን በ1956 ነፃ ወጣች፤ በ1957 የራሷን ፓውንድ አወጣች፤ በ1960 ማዕከላዊ ባንኳን ከፈተች። በ1999 ደግሞ ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ስለ ጀመረች የጥጡን ቦታ ዘይት ያዘው። በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ራሷን ስትችል ካርቱም ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። ቦትስዋና የአልማዝ ገቢዋን በደጉ ዘመን ታጠራቅም ስለ ነበር በ2009 አልማዝ ገዢ ሲያጣ ከተቀማጯ አወጣች፤ ለመበደርም አልተቸገረችም። ሱዳን ግን በቂ ተቀማጭ አልነበራትም፤ የቆየ ዕዳዋና የአሜሪካ ማዕቀብም የብድሩን በር ዘግተውባት ነበር።

በዚህ ጊዜ ኪሳራው የወረደው በገንዘቡ ላይ ነው። የሚገባው ዶላር ሲያንስ የሚፈለገው ስንዴና ነዳጅ ግን ስላልቀነሰ ፓውንዱ መርከስ ግድ ሆነበት። መንግሥቱ ይፋውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ለመያዝ ሞከረ፤ የበጀቱንም ጉድለት ገንዘብ በማተም ሸፈነ። የታተመው ፓውንድ በጥቁር ገበያ ዶላር ስለሚያሳድድ የመንገዱ ዋጋ ከባንኩ እየራቀ ሄደ። በመስከረም 2013 የነዳጅ ድጎማ ሲቀነስ በካርቱም ሕዝብ ተነሣ። በታኅሣሥ 2018 በአትባራ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ፓውንድ ሲወጣ የተቀጣጠለው ተቃውሞ በሚያዝያ 2019 ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽርን ከሥልጣን አወረደ።

በየካቲት 2021 አዲሱ መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያው ተወ። አንድ ዶላር በይፋ 55 ፓውንድ የነበረው በአንድ ቀን 375 ሆነ። 20 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በፊተኛው ዋጋ 1,100 ፓውንድ፣ በኋለኛው 7,500 ፓውንድ ይሆናል። ነጋዴው አስቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ይገዛ ስለ ነበር ለብዙዎች ዐዋጁ ያመጣው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ባንኩ መንገዱ ያለውን ተቀበለ እንጂ። በዴም ሰፈር ቡና እያፈሉ ወይም በሰው ቤት እያገለገሉ ለወላጆቻቸው ገንዘብ ይልኩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ካወቁ ቆይተዋል። የወር ደመወዛቸው በቁጥር አልተነካም፤ ወደ አገር የሚደርሰው ግን በየዓመቱ አንሷል። እንደ 1931ዱ የሚከሰስ የቅነሳ ደብዳቤ አልነበረም።

የምንዛሪው ለውጥ ከውጭ ብድርና የዕዳ ምሕረት ጋር ተያይዞ የታቀደ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2021 ወታደሮች ሥልጣኑን ስለ ያዙ የዓለም ባንክ ክፍያውን አቆመ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ።