ሁለቱ ምስል አንድ ሲሆን
የጥንቱ ካሜራና የበዓል መታሰቢያ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ ድሬዳዋ በእንግዶች ትሞላለች። ወደ ቁልቢ የሚጓዙ ምእመናን ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ይመጣሉ። በሳቢያን የምንኖረውም ዘመድ ተቀብለን፣ ስለት ያለብን ስለታችንን ይዘን ለጉዞ እንሰናዳለን። በዓሉ ካለፈ በኋላ በየቤታችን ከሚቀሩት መታሰቢያዎች አንዱ ፎቶግራፍ ነው። ወላጆች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ልጆች በአጠገባቸው ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ለመሆኑ ይህን መታሰቢያ ስላቆየልን መሣሪያ አስበን እናውቃለን? የካሜራ ዓይነት ብዙ ነው፤ ዛሬ ከእነርሱ መካከል ባለ ርቀት መለኪያውን፣ ባለሙያዎች «ሬንጅፋይንደር» የሚሉትን፣ እንመለከታለን።

ይህ ካሜራ በፊት ለፊቱ ተራርቀው የተቀመጡ ትንንሽ መስኮቶች አሉት። በሁለቱ መስኮቶች የሚገባው ምስል በውስጡ ባለው መስታወት አማካይነት ተደርቦ በማያው ቀዳዳ ይታያል። ርቀቱ ካልተስተካከለ የሚነሣው ሰው መልክ ድርብ ይሆናል። ፎቶ አንሺው የሌንሱን ቀለበት ቀስ እያለ ሲያዞር ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፤ አንድ በሆኑ ጊዜ ርቀቱ ተለክቷል ማለት ነው። ሰው በሁለት ዓይኖቹ ርቀትን የሚገምትበትን መንገድ ይመስላል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሲሠሩ፣ ፎቶግራፍ በአመዛኙ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ከባድ ካሜራ የሚጠይቅ ሙያ ነበር። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ ግን በሲኒማ ፊልም የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ፈለሰፈ። ይህም ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ በላይካ ላይ ተጨመረ፤ በዚያው ዓመት ተወዳዳሪው ኮንታክስ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ በካርኮቭ ከተማ ላይካን አስመስሎ የተሠራው ፌድ መመረት ጀመረ። ብዙዎች የዚህ ዓይነት ካሜራ ቁንጮ የሚሉት ላይካ ኤም 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢጣልያ ወረራ ባንዣበበ ጊዜ፣ በላይካ ሥራው ስመ ጥር የሆነው አልፍሬድ አይዘንስታድት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ካነሣቸው ፎቶግራፎች አንዱ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር የተሰነጣጠቀ ውስጥ እግር ነው። የወታደሩ ፊት ሳይታይ፣ ጫማ ያልነካው እግሩ ብቻ የዚያን ዘመን መከራ ይናገራል።

ካሜራው እስከ ዛሬ ወዳጅ ያላጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሌሎች ብዙ ካሜራዎች ውስጥ ፎቶ ሲነሣ ብድግ ብሎ የሚመታ መስታወት አለ፤ በዚህኛው ግን የለም። ስለዚህ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውነቱም ብዙ ስለማይንቀጠቀጥ በጧፍ ብርሃንም ቢሆን ያለ ብልጭታ ለማንሣት ይረዳል። ማኅሌት በሚቆምበት ሌሊት ይህ ጠባይ ምን ያህል እንደሚመች ማንም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የድምፁ ዝቅተኛነት ያለ ካህናት ፈቃድ ለማንሣት መብት አይሰጥም። ከጥንቶቹ ብዙዎቹ ባትሪም አይፈልጉም።

ጉድለትም አለው። በጣም ቅርብ የሆነውንም ሆነ በጣም ሩቅ ያለውን ለማንሣት አይመችም። ማያው ከሌንሱ የተለየ በመሆኑ የሌንሱ ክዳን ሳይነሣ ቢቀር ፎቶ አንሺው አያውቅም፤ ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ማስታገሡ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶግራፍ በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሕፃኑ ዝም እስኪል፣ አያት ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ይጠበቃል። በእጅ ስልክ ግን በአንድ በዓል መቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አንዱም ሳይታተም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ወረቀትም ቢሆን ይጠፋል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በነጠቀን ጊዜ ቤቶችንም ጠርጓል፤ ቤት የወሰደ ጎርፍ የቤቱን አልበም አይተውም። ፊልሙ በሌላ ዘመድ ቤት የተቀመጠ ከሆነ ግን ፎቶግራፉ እንደገና ሊታተም ይችላል።

ስለዚህ በቤቱ የአባት ካሜራ ያለ ሰው አሮጌ ነው ብሎ አይጣለው። ከአቧራና ከእርጥበት ይጠብቀው፤ በሌንሱ ላይ ሻጋታ እንዳልያዘ በብርሃን ይመልከት፤ ሩቅ ያለ ምሰሶ አይቶ ሁለቱ ምስል አንድ መሆናቸውን ይፈትን። የላይካ ፋብሪካ በፊልም የሚሠራውን ኤም 6 እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ለገበያ ማቅረቡ ዘመኑ ጨርሶ እንዳላለፈ ያመለክታል። ካሜራ የሌለውም ቢሆን ከዘንድሮው በዓል አንድ ፎቶግራፍ መርጦ ያሳትም፤ በጀርባው ስምና ቀን በእርሳስ ይጻፍበት፤ ሁለተኛውን ቅጂ ለዘመድ ይስጥ።

በዓሉ የሰላምና የጤና ይሁንልን።