ከምቱ በፊት ያለው እርምጃ

ባለፈው የውድድር ወቅት የአንድ ተጫዋቻችን ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ከረመ። ልጁ በአሜሪካን ፉትቦል ላይንባከር ነው፤ ከመከላከያው መስመር ጀርባ የሚቆም ተከላካይ ማለት ነው። ከጎን ተወርውሮ መጥቶ ኳስ የያዘውን በትከሻው ሲያነሳውና ሜዳው ላይ ሲዘርረው ያሳያል። አባቱ ለኮሌጆች በሚልከው ቅንብር መግቢያ ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሙሉውን ቀረጻ ስላየሁ እስካሁን አልተዋጠልኝም። በተቆረጠው ክፍል ላይ ልጁ፣ ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ኳሱን ይዞ ለሚሮጠው ራኒንግ ባክ የሰጠ መስሎት ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዷል። ዞሮ የደረሰው ተጋጣሚ 11 ያርድ ከሄደበት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጭብጨባ ያመጣው ምት የመዘግየት ውጤት ነበር። ልጁ አሁን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኮች፣ እንደዚያ ደግሜ እንድመታ አሠራኝ።»

የአንድ ልጅ ነገር ቢሆን ዝም ባልኩ። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ልጆቻቸውን ወደ ልምምድ የሚያመላልሱ ብዙ ወላጆች፣ የእኛም ሰዎች ጭምር፣ ላይንባከር ማለት ኃይለኛ መቺ ማለት ይመስላቸዋል። ቴሌቪዥኑም ደጋግሞ የሚያሳየው ምቱን ነው። የላይንባከር ሥራ ግን አብዛኛው የሚያልቀው ጨዋታው ከሚጀመርበት ከስናፑ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ቅጽበት ነው፤ በዓይን ነው የሚሠራው።

ማየት ያለበትም ኳሱን አይደለም፣ በአጥቂው መስመር ላይ የሚያግደውን ጋርዱን ነው። ጋርዱ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ከገፋ ሩጫ ነው። ቀና ብሎ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ፓስ ነው። ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎን ከሮጠ፣ ማለትም ፑል ካደረገ፣ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ይከተለዋል። ኳርተርባክ ማታለል የተማረ ሰው ነው፤ ኳሱን ዳሌው ላይ ደብቆ ባዶ እጁን ይዘረጋል። ጋርድ ግን ፊቱ የቆመውን ግዙፍ ሰው ማገድ ስላለበት ለማስመሰል ፋታ የለውም።

ወላጆቹ ይህን እየነገርኳቸው ስለ 40 ያርድ ሩጫ ይጠይቁኛል። ከ4.8 ሰከንድ ወደ 4.7 ለመውረድ ለግል የፍጥነት አሠልጣኝ ገንዘብ ይከፍላሉ። ያቺ አንድ አሥረኛ ሰከንድ በሙሉ ፍጥነት ለሚሮጥ ልጅ አንድ ያርድ እንኳ አትሞላም። ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የተራመደ ልጅ ግን መቆም፣ መዞር፣ እንደገና መነሳት አለበት፤ የሚከስረው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ላይንባከሩ ሳም ሚልስ ቁመቱ 5 ጫማ ከ9 ኢንች ነበር። የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት የመረጠው ቡድን አልነበረም። በኒው ኦርሊንስና በካሮላይና ከተጫወተ በኋላ፣ ካረፈም ዓመታት አልፈው፣ በ2022 የዝና አዳራሽ ገባ። በ1996 በአምስተኛው ዙር የተመረጠው አጭሩ ላይንባከር ዛክ ቶማስም በዓመቱ ተከተለው። የእነዚህን ሰዎች ጨዋታ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ ምታቸውን ተዉትና የመጀመሪያ እርምጃቸውን ተመልከቱ።

እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው። የዘገየ ልጅ ይወረወራል። እግሩ ያልደረሰበትን በራስ ቁሩ ሊደርስበት ይሞክራል፤ አንገቱ ይጎነበሳል፣ ዓይኑ መሬት ያያል። ጭንቅላትና አንገት የሚጎዳው እንዲህ ሲሆን ነው። በጊዜው የደረሰ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ በትከሻው ይይዛል። ዳርትመዝ ኮሌጅ በአሠልጣኙ በቡዲ ቲቨንስ ውሳኔ በ2010 ተጫዋቾቹ በልምምድ እርስ በርስ ታክል እንዳይደራረጉ፣ ማለትም ይዘው እንዳይጣጣሉ፣ አደረገ። በ2016 የአይቪ ሊግ አሠልጣኞችም በውድድር ወቅት ልምምድ ላይ እንዲቀር ተስማሙ። እና «ሳይጋጩ እንዴት ይለምዳሉ?» ለሚሉኝ መልሴ ያው ነው፤ ማንበብ ለመልመድ ግጭት አያስፈልግም።

እኛ ስንለማመድ ኳስም ኳርተርባክም የለም። ሦስት የመስመር ልጆች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። እኔ ከላይንባከሩ ጀርባ ሆኜ በጣቴ ምልክት እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱም ባሳየኋቸው መንገድ ይነሳሉ። ልጁ አንድ እርምጃ ብቻ ተራምዶ ያየውን ይጮኻል፦ «ሩጫ!»፣ «ፓስ!»፣ «ፑል!»። እኔ ዓይኔን ከተረከዙ አልነቅልም። ጋርዱ ሳይንቀሳቀስ የልጁ ተረከዝ ከሳሩ ከተነሳ፣ መልሱ ትክክል ቢሆንም አልቀበለውም፤ ገምቷል እንጂ አላነበበም። ከአጥሩ ባሻገር የቆሙ አባት «ወንድሜ፣ ሊመሽ እኮ ነው፤ መቼ ነው የሚጋጩት?» ይሉኛል። ለጥያቄያቸው አክብሮት አለኝ፤ ልምምዱን ግን አልለውጥም።

በእርግጥ ጋርዱም የሚያሳስትበት ጊዜ መጥቷል። አር.ፒ.ኦ በሚባለው ጨዋታ ጋርዱ ለሩጫ ይገፋል፤ ኳርተርባኩ ደግሞ ላይንባከሩ ወደ ፊት ሲመጣ አይቶ ከጀርባው ይወረውራል። የኮሌጅ ሕግ የመስመር ተጫዋቹ ኳሱ ሳይወረወር እስከ 3 ያርድ ወደ ፊት እንዲሄድ ስለሚፈቅድ ማታለሉ ይቀላል፤ በኤንኤፍኤል የሚፈቀደው 1 ያርድ ብቻ ነው። ከዚህ ተነስተው ጋርድ ማንበብ ጊዜው አልፎበታል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ከጀርባ የሚወረወረውን ከኋላ ለሚቆመው ተከላካይ፣ ለሴፍቲው፣ መስጠትና ላይንባከሩ ያየውን አምኖ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ሩጫውንም ፓሱንም በአንድ የ16 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጭኖ «ለምን ዘገየህ?» ብሎ መጮህ ግን የአሠልጣኝ ጥፋት ነው፤ ልጁ የዘገየው ሁለት ነገር እንዲያይ ስለታዘዘ ነው።