በደጃችን የታሰረው መምህር

የሰው ልጅ ትምህርት የሚቀስመው ከመጻሕፍትና ከዐውደ ምሕረት ብቻ አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከጉንዳን ይማር ዘንድ እንደ ላከው (ምሳ. 6፥6) ሁሉ፥ ለሚያስተውል ሰው ፍጥረት ሁሉ አፍ አለው። የዛሬው የትንሣኤ በዓል ጽሑፋችንም በየቤታችን ደጅ ታስሮ ስለሚውል፥ ስሙ ግን ለስድብ ካልሆነ በቀር እምብዛም ስለማይነሣ ፍጥረት፥ ስለ ውሻ ነው፤ ያውም ስለ ገራሙ ሳይሆን ስለ አስቸጋሪው።

በሀገራችን ልማድ ውሻ የደጅ እንጂ የእልፍኝ አይደለም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽርም አይገባም። ቢሆንም ቅዱሳት መጻሕፍት አልዘነጉትም። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሮ ይጓዛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጠጋው እያየ ያለፈውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትና ሥዕልም እመቤታችን በጫማዋ ውኃ ቀድታ የተጠማ ውሻ ስታጠጣ እናያለን። ርኅራኄ ከሰው አልፎ የደጁን ፍጥረት ሳይቀር እንደሚደርስ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

እኛ ይህን ያስተዋልነው ነብሮ ከሚባል ውሻ ጋር በኖርንባቸው ዓመታት ነው። ነብሮ ወደ ግቢያችን የመጣው የቀድሞ ጌቶቹ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ማሰሪያ ስፍራ በማጣታቸው ነበር። ያን ጊዜ ጠባዩ የደረቀ ሙሉ ውሻ ነበር። የተነሣ እጅ ካየ ጥርሱን ያሳያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ የጎረቤት ዶሮ በፊቱ አታልፍም። ለሰላምታ የተዘረጋውን እጅና ለዱላ የተሰነዘረውን አይለይም፤ ለእርሱ እጅ ሁሉ ዱላ ነው።

ብዙዎች በዱላ ይገራ ብለው መከሩን። የቤታችን ታላቅ እናት ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ዘወትር ማታ በ1 ሰዓት፥ በአንድ ሳሕን፥ በአንድ ድምፅ ጠርተው ያበሉታል፤ ሊነኩት አይሞክሩም። መስቀል አለፈ፤ ኅዳር ሚካኤል አለፈ። ነብሮ እርሳቸው አጠገቡ ቆመው ሳለ አቀርቅሮ የበላው በገና ሰሞን ነው። እጃቸውን በራሱ ላይ እንዲያሳርፉ የፈቀደው ደግሞ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነበር።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ውሻ የሠራውን ነገር የሚያያይዘው ወዲያው ከተከተለው ነገር ጋር ብቻ ነው። ጠዋት ላጠፋው ማታ ቢመቱት ከእጅ መሸሽን እንጂ ጥፋቱን አይማርም። ይህ ለልጅ አስተዳደግም የሚበጅ ማስተዋል ነው። በውጭ የተናደደ አባት ወደ ቤቱ ገብቶ በልጁ ላይ ቢወጣው ልጁ የሚማረው የአባቱን ፊት መፍራት ነው። ፍሬ ያላፈራችውን በለስ ለመቍረጥ ያልቸኰለው የወይን ጠባቂ (ሉቃ. 13፥6-9) ግን አንድ ዓመት ለመነላት፤ ዙሪያዋን ሊቈፍርና ፍግ ሊያፈስስላትም ወሰነ። ትዕግሥት ማለት እንግዲህ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ በየዕለቱ በሰዓቱ ሳሕን ይዞ መውጣት ነው።

በአንድ የገብርኤል ዕለት የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ወደ ቤታችን መጡ። ነብሮ ጸሎቱ ተጀምሮ እስኪፈጸም ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም አላለም። እኛ አፍረን ስንንቀጠቀጥ እርሳቸው መስቀላቸውን አሳልመውን፣ «ልጆቼ፥ አትጨነቁ። እርሱ ሥራውን ሠራ፤ እኛም ሥራችንን ሠራን። ይልቅስ ሌባውንና እንግዳውን ሳይለይ የሚጮኽ የእኛ አንደበት ያሳስባችሁ» አሉን። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ሰው አራዊትን ሁሉ እንደገራ፥ አንደበቱን ግን ሊገራ እንዳልቻለ ይነግረናል።

የአንደበትን ነገር ያየነው ግን ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት ነው። በሰፈራችን አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሻ ነከሰው። ልጁ ሳይጠየቅ «ነብሮ ነው» የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ከምሽቱ በፊት መርዝ የሚያቀብል ሰው ተገኘ። ነብሮ ግን በዚያ ሰዓት በሰንሰለቱ ላይ ነበር። በኋላ ልጁ ሲጠየቅ የነከሰው ማሰሪያ የሌለው ቀይ ውሻ መሆኑን ተናገረ። ክፉ ስም የወጣለት ፍጥረት ያልሠራውንም ይከፍላል፤ በሰው ላይስ ይህን ስንት ጊዜ እናደርጋለን? በዚያ ሳምንት መሳሳምና መጨባበጥ የለምና፥ የልጁ እናት ከእኛ ጋር በጉንጭ የታረቁት የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ነበር።

እናቲቱ በመጀመሪያ ልጃቸውን ወደ ጠበል ብቻ ሊወስዱት አስበው ነበር፤ የቤታችን ታላቅ እናት ግን ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ፤ ክትባቱም በዚያው ዕለት ተጀመረ። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ። ጠበሉና ክትባቱ አይጣሉም። ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና። ውሻን በየዓመቱ ማስከተብና ደጅን መዝጋትም ከባልንጀራ ፍቅር የሚቈጠር ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፥ በትንሹ ቸልታ ትልቁ ሐዘን ይገባል።

እነሆ የ55 ቀኑ ጾም ተፈጽሞ ማዕዱ ተዘረጋ። ሥጋ በማይገባበት ቤት ውሻውም በፍርፋሪ ከርሟልና፥ ዛሬ የድርሻውን ይጠብቃል። ይሰጠው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥሮ ጉሮሮውን ስለሚወጋው ይቅርበት። ከነናዊቷ ሴት (ማቴ. 15፥21-28) ከማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ አንሥታ ጌታን በተማጸነች ጊዜ እምነቷ ተመሰገነላት፤ ልጇም ተፈወሰችላት። ራሷን ከውሻ ጋር ያስተካከለችው ያች እናት ከማዕዱ ባለቤት ምሕረትን ተቀብላ ሄደች።

እኛም ለውሻችን አጥንት ይዘን ወደ ደጅ ስንወጣ ከደጁ ማዶ ያለውን ሰው እንመልከት። ጾሙን የፈታበት ማዕድ የሌለው ጎረቤት፥ ክፉ ስም ወጥቶለት ሰላምታ የተነፈገ ወንድም፥ ብዙ ዱላ ከማየቱ የተነሣ የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ የሚፈራ ልጅ በአቅራቢያችን አይጠፋም። ባለጠጋውን ያስኰነነው አልዓዛርን መምታቱ አልነበረም፤ በየዕለቱ በደጁ እያየው ማለፉ ነበር። ትዕግሥትን ለውሻ ያልነፈገ ቤት ለሰው አብዝቶ ሊሰጥ ይገባዋል።

በዓሉን የሰላም፥ የዕርቅና የመተሳሰብ በዓል ያድርግልን፤ አሜን።