ከ250 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ እስከ ስምንት ዋንጫ፤ የአንዲት የኮሌጅ አሰልጣኝ 38 ዓመታት

በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ደጋማ አካባቢ ለትምህርት ቤት የእግር ኳስ ሜዳ የሚበቃ ለጥ ያለ መሬት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባህር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው ገደልና ተረተር ነው። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 100 ሜትር ያህል ርዝመት ሲጠይቅ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን 28 በ15 ሜትር፣ ማለትም 420 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። እርከን ሠርቶ ማረስ ለለመደ ገበሬ ይህን ያህል ቦታ መደልደል አዲስ ሥራ አይሆንበትም።

ስፖርቱ ራሱ የተፈጠረው በቦታ ጥበት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ በ1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ጄምስ ናይስሚዝ የተባሉ መምህር ተማሪዎቻቸው በክረምት ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ በመፈለግ ቅርጫት ኳስን ቀመሩ። በማግስቱ ዓመት በ1892 ደግሞ ሴንዳ በሬንሰን የተባሉ መምህርት በስሚዝ ኮሌጅ ለሴት ተማሪዎቻቸው እንዲስማማ አድርገው አስተዋወቁት። ሴቶች ወደ ቅርጫት ኳስ የገቡት ዘግይተው አይደለም። የዘገየው ሜዳ፣ በጀትና አሰልጣኝ ነው።

ይህ መዘግየት እንዴት እንደተሻረ ለመረዳት የአሰልጣኝ ፓት ሰሚትን የሥራ ዘመን መመልከት ይጠቅማል። አሰልጣኟ ከ1974 እስከ 2012 ድረስ ለ38 የውድድር ዘመናት በአንድ ተቋም፣ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንን መርተዋል። በእነዚህ ዓመታት ቡድኑ 1 ሺህ 98 ጨዋታዎችን ሲያሸንፍ የተሸነፈው በ208 ብቻ ነው። ስምንት ጊዜም ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል። ከሥራ ሲሰናበቱ በአሜሪካ የኮሌጆች ከፍተኛው የውድድር እርከን ከወንዶችም ሆነ ከሴቶች አሰልጣኞች መካከል ያን ያህል ያሸነፈ አልነበረም።

ፓት ሰሚት የተወለዱት በሰኔ 1952 ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ላም ያረባል፣ ትንባሆም ያመርታል። ሦስት ታላላቅ ወንድሞች የነበሯቸው ሲሆን፣ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ልጆቹ በድርቆሽ ማከማቻው ሰገነት ላይ በተተከለ ቅርጫት ሁለት ለሁለት ሆነው ይጫወቱ ነበር። አሰልጣኟ ጨዋታውን የተማሩት ከዚያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡበት ጊዜ ሲደርስ ግን በሚኖሩበት አውራጃ ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን እንደሌለው ታወቀ። አባታቸው አቤቱታ በማቅረብ ጊዜ አላጠፉም። ቤተሰቡን ይዘው ቡድን ወዳለበት ጎረቤት አውራጃ ተዛወሩ። ለአንዲት ልጅ ጨዋታ ሲባል ቤት መቀየር ብዙ ወላጅ የሚደፍረው ነገር አይደለም፤ ሁሉም ወላጅም ቢደፍር አቅሙ የለውም። አንድ ልጅ የመጫወት ዕድል የሚያገኘው በአባቱ ቁርጠኝነት ከሆነ፣ የቀሩት ልጆች ዕድል የት እንደሚገኝ መጠየቅ የግድ ይላል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሕግ የወጣው በሰኔ 1972 ነው። በተለምዶ "አንቀጽ ዘጠኝ" እየተባለ የሚጠራው ይህ የአሜሪካ ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ማናቸውም የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ በፆታ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። ለመንግሥት ሠራተኞች ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ፣ ዋናው የሕጉ ድንጋጌ የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል አጭር መሆኑና ስለ ስፖርት አንድም ቃል አለመያዙ ነው። ስፖርትን በግልጽ ያካተተው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1975 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ሲሆን፣ ኮሌጆችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉ እስከ 1978 ድረስ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ድንጋጌውን የማያከብር ተቋም የመንግሥት ድጎማውን ሊያጣ ይችላል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ጥርስ ያወጣው በደንቡና በበጀቱ በኩል ነው።

ውጤቱም በቁጥር ይታያል። ሕጉ በወጣበት ወቅት በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ውድድር የሚሳተፉት ልጃገረዶች ከ300 ሺህ በታች ነበሩ። ይህ ቁጥር በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ከ3 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

ፓት ሰሚት ወደ ቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ደንቡ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ22 ዓመታቸው ነው። የመጡትም ረዳት ሆነው ለመሥራት ነበር። ይሁን እንጂ ዋና አሰልጣኟ ለትምህርት ፈቃድ በመውጣታቸው ኃላፊነቱ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ወርሃዊ ክፍያቸው 250 ዶላር ነበር። ተጫዋቾቹን የሚያጓጉዘውን መኪና ራሳቸው ያሽከረክራሉ፣ ማሊያዎቹን ራሳቸው ያጥባሉ። የስፖርት ትጥቁ የተገዛውም ጣፋጭ ዳቦ ተሸጦ በተገኘ ገንዘብ ነበር። በዚያው ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያስተምራሉ፣ የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይከታተላሉ፣ ጉልበታቸው ላይ ከደረሰባቸው ከባድ ጉዳት ለማገገምም ይለማመዱ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በአንድ ነጥብ ልዩነት ተሸነፉ።

የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካተተበት በ1976ቱ የሞንትሪያል ውድድር፣ ፓት ሰሚት በተጫዋችነት ተሰልፈው ከአገራቸው ቡድን ጋር የብር ሜዳሊያ አግኝተዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ በአሰልጣኝነት ወርቅ አስገኝተዋል።

በዚያን ጊዜ በቴኔሲ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሴቶች ጨዋታ ስድስት ለስድስት ነበር። ሦስቱ ያጠቃሉ፣ ሦስቱ ይከላከላሉ፤ የሜዳውን አጋማሽ መስመር መሻገር አይፈቀድም። ይህ አሠራር የመጣው ልጃገረዶች ሙሉውን ሜዳ ቢሮጡ አቅማቸው አይችልም ከሚል አስተሳሰብ ነው። ከወንዝ ውሃ ቀድታ፣ እንስራ አዝላ የላስታን ዳገት የምትወጣ ልጃገረድ ያየ ሰው ይህን ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አሰልጣኟ ግን በፈገግታ አላለፉትም። ግዛቱ ደንቡን ካልለወጠ ተጫዋቾችን ከሌሎች ግዛቶች እንደሚመለምሉ አስታወቁ። ደንቡ በ1979 ተለውጦ የግዛቱ ልጃገረዶችም አምስት ለአምስት መጫወት ጀመሩ።

ስኬቱ ቶሎ አልመጣም። ቡድኑ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር ደጋግሞ ቢደርስም፣ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳው አሰልጣኟ ሥራ በጀመሩ በ13ኛው የውድድር ዘመን፣ በ1987 ነው። ቀጥሎም በ1989፣ በ1991፣ ከ1996 እስከ 1998 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ እንዲሁም በ2007 እና በ2008 ዋንጫውን ወስዷል። በ1998 በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ያደረጋቸውን 39 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፏል። የዩኒቨርሲቲው አመራር 12 ዓመት ያለ ዋንጫ መታገሡ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። በየዓመቱ መጨረሻ ውጤት የሚጠይቅ ተቋም ይህን ዋንጫ ባላየውም ነበር።

አሰልጣኟ የሚታወቁት በዋንጫ ብቻ አይደለም። ተጫዋቾቻቸው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ከፊት ባሉት ሦስት ረድፎች እንዲቀመጡ ያስገድዱ ነበር። ያለ በቂ ምክንያት ከትምህርት የቀረች ተጫዋች አትሰለፍም። በዚህም ምክንያት በእርሳቸው ሥር የተጫዋችነት ጊዜያቸውን ሙሉ በሙሉ ያጠናቀቁ ተማሪዎች ሁሉ ተመርቀዋል። በአገራችን ልጆቻችንን ስፖርት ከትምህርት ያዘናጋቸዋል ብለው የሚሰጉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ ከስምንቱ ዋንጫ ይልቅ የሚያሳምናቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከተጫዋቾቹ አንዷ የሆነችው ታሚካ ካቺንግስ ከልጅነቷ ጀምሮ የመስማት ችግር ያለባት ስትሆን፣ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዎችን ለማግኘት በቅታለች።

የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች የወንዶቹን ቡድን እንዲይዙ ሐሳብ ያቀረቡላቸው ጊዜ ነበር። እርሳቸው ግን ከሴቶች ወደ ወንዶች ቡድን መሄድ እንደ ዕድገት የሚቆጠርበት ምክንያት አልታያቸውም፤ በቦታቸው ቆዩ። በ250 ዶላር የጀመሩት ሥራ በ2006 በተፈረመ ውል በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈልበት ሆነ። በሴቶች ቅርጫት ኳስ ይህን ያህል ክፍያ ያገኘ አሰልጣኝ ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልተጠበቀ ውጤትም አለ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቡድኖች በሴቶች ይሠለጥኑ ነበር። በጀቱና ደመወዙ ሲያድግ ወንዶች ወደ ሥራው በብዛት በመግባታቸው የሴት አሰልጣኞች ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። የተጫዋቾች ዕድል መስፋቱ የአሰልጣኞችን ዕድል አብሮ እንዳላሰፋ መታወቅ ይኖርበታል።

በአገራችን ተመሳሳይ አብነት የሚገኘው በቅርጫት ኳስ ሳይሆን በሩጫ ነው። በአርሲ ዞን በቆጂ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለአሥርት ዓመታት በአንድ ከተማ ቆይተው ታዳጊዎችን አሰልጥነዋል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ ካለፉት መካከል ናቸው። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች ያስገኙት ሁለቱ የበቆጂ ልጆች፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ፣ መሆናቸው ይታወሳል። የበቆጂ ስኬት በከፍታዋ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ከፍታው እውነት ነው። ነገር ግን የላስታ ደጋም ከፍታ አላነሰውም።

በኢትዮጵያም የሕግ መሠረቱ አለ። በ1987 ዓ.ም የፀደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ከመደንገጉም ባሻገር፣ በታሪክ የደረሰባቸው በደል ታስቦ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ይህ ድንጋጌም እንደ አሜሪካው ሁሉ ስለ ሜዳ፣ ስለ ኳስና ስለ አሰልጣኝ ደመወዝ አይዘረዝርም። ዝርዝሩ የሚወጣው በትምህርትና በስፖርት ቢሮዎች ዕቅድ ላይ ነው።

በሰሜን ወሎ ጉዳዩ ወቅታዊ የሚሆንበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በዞኑ በተካሄደው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። የፈረሰ ትምህርት ቤት እንደገና ሲሠራ በቅድሚያ የሚታሰበው የመማሪያ ክፍል መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም 420 ካሬ ሜትሩ በንድፉ ላይ ካልሰፈረ፣ ከግንባታው በኋላ በተዳፋት መሬት ላይ ሌላ ቦታ ማግኘት እጅግ ያዳግታል። የቅርጫቱ ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለወንዶችም ለሴቶችም አንድ ነው።

ፓት ሰሚት በ2011 በ59 ዓመታቸው የአልዛይመር ሕመም እንደተገኘባቸው ይፋ አደረጉ። አንድ የውድድር ዘመን ከረዳቶቻቸው ጋር ሠርተው በሚያዝያ 2012 ኃላፊነታቸውን ያስረከቡ ሲሆን፣ በሰኔ 2016 በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ያስመዘገቡትን የድል ብዛት በታኅሣሥ 2020 ያለፉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ታራ ቫንደርቪርም ሴት ናቸው። በቴኔሲ ቦታቸውን የተረከቡት ሆሊ ዋርሊክ የቀድሞ ተጫዋቻቸውና የረጅም ጊዜ ረዳታቸው ነበሩ። ከእርሳቸው ቀጥለው እስከ 2024 የመሩት ኬሊ ሃርፐርም ከ1996 እስከ 1998 ሦስቱን ዋንጫዎች በተጫዋችነት ያነሱ ናቸው። ቡድኑ ለ50 ዓመታት በፓት ሰሚት ወይም እርሳቸው ባሠለጠኗቸው ሴቶች ሲመራ ቆይቷል።