ልጃችንን ወደ የትኛው ዩኒቨርስቲ እንስደደው?

በደብረ ማርቆስ ገበያ አንድ አባት የእህል ጆንያቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፏል፤ ወደ ታላቁ ዩኒቨርስቲ ልስደደው ወይስ ከዚሁ ከደጃፌ ይማር?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስለ ሆነ የመሰለንን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

የጎጃም ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ሲሄድ የሚጠይቀው ስለ ጉባኤው ብዛት ሳይሆን ስለ መምህሩና ስለ ትምህርቱ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተከፈተ አንጋፋ ነው፤ ራስ ገዝ በመሆኑም የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተገኘ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርስቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የእንጅባራውም በ2010 ዓ.ም. ተከተለ።

በታላቁ ዘንድ የትምህርት ክፍሉ ብዙ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በብዙ መቶ ተማሪ መካከል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ቢደክም የሚያየው ላይኖር ይችላል። በአነስተኛው መምህሩ ተማሪውን በስሙ ለመጥራት ይቀለዋል፤ ሆኖም የተመኘው ትምህርት ከዚያ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው፣ ልጁ የሚሻው ትምህርት የሚሰጠው ከወዴት እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ጠባዩ ነው፤ ሳያፍር የሚጠይቅ ልጅ በሰፊው ጉባኤ አይጠፋም፣ ዓይን አፋሩ ግን የቅርብ ተቆጣጣሪ ያሻዋል። ሦስተኛው የቤት አቅም ነው። በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የወጪ መጋራቱን ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ቢከፍለውም፣ የመንገዱ፣ የልብሱና የደብተሩ ወጪ ከጎተራ የሚወጣ ነው። አዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ አይተናልና ይህም ይታሰብበት።

ደግሞም ምርጫው ምኞት እንጂ ውሳኔ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን የሚመድበው በውጤታቸውና በምርጫቸው ቅደም ተከተል ነው። እንግዲያስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጫ እንደ ፊተኛው ታስቦበት ይጻፍ፤ የተመደበበት ስፍራ ያልተመኘው ቢሆንም ልጁ የተናቀ አይምሰለው። ከደረሰ በኋላም በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያንና ግቢ ጉባኤውን ይፈልግ፤ የሚመክረው ወንድም ያገኛልና።

ያንን አባት፣ «ልጅዎ ምን ሊማር ይሻል?» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሱን እንኳ አልጠየቅሁትም» አሉን።

ወላጆች ሆይ፣ ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት አንድ ማታ ከራት በኋላ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቁት፤ እስኪጨርስም ድረስ ስሙት። ምርጫው ከዚያ ይጀምራል።