ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

መኪና ካላቸው ቤተሰቦች መካከል “የራሱ ዕቃ ጠፍቷል፤ ከሌላ መኪና የተፈታ ይገባል” የሚለውን የጋራዥ ቃል ያልሰማ ጥቂት ነው። ለበር እጀታ ወይም ለጎን መስተዋት ነገሩ ብዙም አያሳስብም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ለሚለካው ኤርፍሎው ሴንሰርስ? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የአንድ ጎረቤታችን ገጠመኝ ነው።

ጎረቤታችን የአምስት ልጆች አባት ሲሆኑ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት ባለ 1.8 ሊትር ሞተር መኪናቸው በሚያስገኘው ገቢ ነው። ሴንሰሩ ሲበላሽ ከተለቀ ሞተር ላይ የተፈታ ሴንሰር ከነቱቦው ተገዛላቸው። ወጣቱ መካኒክም “ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ሶኬቱ ልክ ነው” አላቸው። እውነትም ሶኬቱ ገባ፤ ሞተሩም ተነሥቶ በሚኒሞ ጸጥ ብሎ ሠራ። በሳምንቱ ግን መኪናው ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ጉልበት ያጣ፣ ሞተሩም ያንኳኳ ጀመር። የ“ቼክ ኢንጂን” መብራት በራ። ካንዴላ ተቀየረ፤ የቤንዚን ፓምፕ ተቀየረ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። መኪናው ሦስት ሳምንት ቆመ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይወጣ የነበረው ከዚያው መኪና ነበር።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒዩተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ለመወሰን አስቀድሞ የአየሩን ክብደት ማወቅ አለበት። ይህን የሚነግረው ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ በቱቦው ላይ የተቀመጠው ሴንሰር ነው። በውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ አለ። ትኩስ ሻይ እፍ ሲሉት እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። ሙቀቱን ለመመለስ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ የአየሩን መጠን ይገልጻል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቦሽ ኩባንያ ያወጣው ኤል-ጄትሮኒክ አየሩን የሚለካው በሚገፋ ክዳን ስለነበር የሚያውቀው ክብደቱን ሳይሆን ይዘቱን ነበር። ባለ ትኩስ ሽቦው ኤልኤች-ጄትሮኒክ የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡሬተር ለዚህ በእጅ መስተካከል ሲያስፈልገው፣ ክብደት የሚለካው ሴንሰር ግን ልዩነቱን ራሱ ያውቀዋል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ሽቦው የሚያየው በቱቦው ውስጥ ከሚያልፈው አየር ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረውን ኮምፒዩተሩ “ይህን ያህል ቮልት ማለት ይህን ያህል ግራም ነው” ከሚል ሠንጠረዥ አንብቦ ያሰላዋል። ሠንጠረዡ የተዘጋጀው ለዚያ ሴንሰርና ለዚያ ቱቦ ስፋት ብቻ ነው። ሴንሰሩ፣ ቱቦውና ኮምፒዩተሩ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ድስቱ ይዘምማል።

የጎረቤታችን መኪና ቱቦዎች ጎን ለጎን ሲለኩ የራሱ 60 ሚሊሜትር፣ ከሌላው የመጣው 70 ሚሊሜትር ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ በዓይን ትንሽ ይመስላል። የአፋቸው ስፋት ሲሰላ ግን ሁለተኛው በ36 በመቶ ይበልጣል። ያው አየር በሰፊው ቱቦ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ኮምፒዩተሩ ከእውነተኛው 27 በመቶ ገደማ የሚያንስ አየር የገባ መሰለው፤ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ቀነሰ።

በሚኒሞ ለምን ሠራ? በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን አይቶ “ጨምር” ስለሚል ነው። ነገር ግን ይህ ማስተካከያ ወሰን አለው፤ በብዙ መኪኖች 25 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የ“ፒ 0171” ኮድ ይመዘገባል። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ደግሞ ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የኦክስጅን ሴንሰሩን ማዳመጥ ያቆማሉ። ስለዚህ ጉዳቱ የሚብሰው ሞተሩ በተጨነቀበት ዳገት ላይ ነው፤ ፒስተን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ቱቦው ጠባብ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላ ይጠቁራል።

መለዋወጥ ጨርሶ አይቻልም ወይ?

ይቻላል፤ ግን በቁጥር እንጂ በመልክ አይደለም። ለምሳሌ የቶዮታው ባለ አምስት ሽቦ ሴንሰር፣ ቁጥሩ 22204-22010 የሆነው፣ ከባለ 1.8 ሊትሩ ኮሮላ ሌላ በተለያዩ ሞተሮች ላይ ይገኛል። ይህ የሆነው እያንዳንዱ መኪና የራሱን ቱቦና የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ ስለሚቆይ ነው። የሚቀየረው በሁለት ብሎን የሚታሰረው ሴንሰር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከተለየ ግን ሶኬቱ ቢገባም የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ሊለያይ፣ አንዱ በቮልት ሌላው በድግግሞሽ ሊናገር ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችን በፊት የራሳችንን ሴንሰር በተለይ ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ እናጽዳው፤ በጣትም ሆነ በጨርቅ አንንካው። አቧራ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሴንሰሩ በኋላ ያለው የላስቲክ ቱቦ እንዳልተሰነጠቀም እንይ፤ በዚያ የሚገባው አየር አይለካም። መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን በእጃችን ይዘን ቁጥር ከቁጥር እናመሳክር። ሞተሩ ራሱ የሚቀየር ከሆነም ሴንሰሩ፣ ቱቦውና ኮምፒዩተሩ አብረው ይምጡ።

ጎረቤታችን የፊተኛው ቱቦ ተመልሶላቸው፣ ቁጥሩ የገጠመ ሴንሰርም ተገኝቶላቸው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ወጣቱ መካኒክ “ጥፋቱ የኔ ነው” ብሎ የጉልበቱን ዋጋ አልተቀበለም። አሁን በኪሱ ደብተር ይዞ የእያንዳንዱን ሴንሰር ቁጥር ይጽፋል። በጋራዥ ሙያ የተሰማራችሁ ወጣቶች ሆይ፣ “ይገባል” ከማለታችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ። በእጃችሁ የተሰጠው መኪና አማና ነው፤ ከኋላው የሚጠብቁት ልጆች አሉ።